ካሳው የአሠሪው ችሮታ አይደለም፤ የመክሰስ መብታችሁን ሰጥታችሁ የገዛችሁት ነው

ዛሬ ከአገር ቤት ፖለቲካ ለጥቂት ደቂቃዎች ወጣ ብለን፣ እዚሁ በስደት በምንኖርበት አገር እንጀራችንን ስንፈልግ ስለሚደርስብን ጉዳት እንነጋገራለን። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ይባላል፤ ሁላችንም የምናውቀው ግን «ወርከርስ ኮምፕ» በሚለው ስሙ ነው። ስሙን እናውቀዋለን እንጂ አንጠቀምበትም። ለምን እንደማንጠቀምበት፣ ባለመጠቀማችንም ምን እንደምናጣ ነው የዛሬው ጉዳያችን።

አንዲት እህታችን ሆም ኬር ትሠራለች እንበል። አንድ ቀን ጠዋት አዛውንቱን ከአልጋ አንስታ ዊልቸር ላይ ስታስቀምጥ ወገቧ ቀጭ ይላል። ምን ታደርጋለች? እንደ ብዙዎቻችን ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ትቆይና ሥራዋን ትጨርሳለች። ማታ ቅባት ትቀባለች፣ ሞትሪን ትውጣለች። ለኤጀንሲው ብትናገር ሰዓት የሚቀንሱባት ስለሚመስላት ዝም ትላለች። በሦስተኛው ሳምንት መቆም ሲያቅታት ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ሐኪሙ «መቼ ጀመረሽ?» ሲላት «ኧረ ቆይቷል፣ ቀስ በቀስ ነው» ብላ ትመልሳለች። ሐኪሙም ያለችውን ይጽፋል። ይቺ «ቀስ በቀስ» የምትል ቃል በቨርጂኒያ ሕግ ሙሉ ካሳዋን ልታሳጣት ትችላለች። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። አስቀድሞ ግን ካሳው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ታሪኩን ያላወቀ ሰው ካሳውን እንደ ልመና ይቆጥረዋልና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እጁን ማሽን የቆረጠው ሠራተኛ አማራጩ አንድ ብቻ ነበር፤ አሠሪውን ፍርድ ቤት ማቆም። አሠሪው ደግሞ ሦስት ጋሻዎች ነበሩት። አንደኛ፣ «ጥፋቱ የራስህ ነው» ይላል፤ ሠራተኛው በጥቂቱም ቢሆን ተዘናግቶ ከተገኘ ነገሩ አበቃ። ሁለተኛ፣ «ጥፋቱ የባልደረባህ እንጂ የእኔ አይደለም» ይላል። ሦስተኛ፣ «ሥራው አደገኛ መሆኑን እያወቅህ ነው የገባኸው» ይላል። አብዛኛው ሠራተኛ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። አንዳንዱ ግን ይሳካለትና ከፍ ያለ ገንዘብ ይፈረድለታል፤ ይህ ደግሞ ለባለሀብቱ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ሆነ።

ጀርመን ቀድማ በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1884፣ የሥራ ላይ አደጋ መድን ሕግ አወጣች። ቢስማርክ ለሠራተኛ አዝኖ አልነበረም። የሶሻሊስቶቹን አጀንዳ ከእጃቸው ለመንጠቅ ነው። ፖለቲካ ሳይንስ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ አይደነቅም፤ ብዙ መልካም ሕግ የወጣው በመልካም ልብ ሳይሆን በፍርሃት ነው።

አሜሪካ ውስጥ የኒውዮርክ ግዛት በ1910 ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን «ጥፋት ያልፈጸመን አሠሪ ማስከፈል ንብረቱን መውሰድ ነው» በሚል መንፈስ ሕጉን ሻረው። ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን ልብ በሉልኝ፤ ማርች 24 ቀን 1911። በማግስቱ፣ ማርች 25፣ እዚያው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ትራያንግል በሚባል የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። 146 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶችና ጣሊያናውያን፣ እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታላቸው ስደተኞች። አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ስለነበር ብዙዎቹ ከላይኞቹ ፎቆች በመስኮት ዘለሉ። የፋብሪካው ባለቤቶች በወንጀል ተከሰው በዚያው ዓመት በነጻ ተለቀቁ። የሟቾች ቤተሰቦች በፍትሐ ብሔር ታግለው ታግለው በ1914 ያገኙት ለአንድ ነፍስ 75 ዶላር ገደማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በዚያው በ1911 ዊስኮንሲን የጸና ሕግ አወጣ። ኒውዮርክ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ሕጉን መለሰው፤ በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸደቀለት። የመጨረሻው ግዛት ሚሲሲፒ ነው፤ እሱም በ1948 ገባ።

የሕጉ ፍሬ ነገር ውል ነው፤ ሠራተኛና አሠሪ የተገበያዩበት ውል። ሠራተኛው «አሠሪዬን በጥፋት አልከስም፣ ለሥቃዬና ለተጎዳው ሞራሌ ገንዘብ አልጠይቅም» አለ። አሠሪው በበኩሉ «ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ በሥራ ላይ እስከተጎዳህ ድረስ ሕክምናህንና የደመወዝህን ከፊል እከፍላለሁ» አለ። ስለዚህ በሥራ ላይ ተጎድቶ ካሳውን የማይጠይቅ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚከስረው። የመክሰስ መብቱ አስቀድሞ ተሸጧል፤ እሱ ዝም ስላለ አይመለስለትም። የሽያጩንም ዋጋ ደግሞ አልተቀበለም።

ይህን በሚገባ ብንረዳው ኖሮ የእኛ ይሉኝታ እንዲህ አይጎዳንም ነበር። «ሰውዬው ሥራ ሰጥቶኝ፣ እንዴት ላስከፍለው?» የሚለው አነጋገር ከምንጩ ስህተት ነው። የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው፤ አሠሪው ፕሪሚየሙን ሲከፍል የኖረው ለዚህች ቀን ነው። በተለይ አሠሪው ወገናችን ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የሬስቶራንቱ፣ የፓርኪንጉ፣ የጽዳት ድርጅቱ ባለቤት ወንድማችን ይሆናል፤ ዕድር ላይ አብረን እንቀመጣለን፣ ልጁን ክርስትና አንስተናል። «ሪፖርት እንዳታደርጊ፣ እኔው አሳክምሻለሁ» ይላል። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ፕሪሚየሙ እንዳይጨምርበት ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያው ኤክስሬይ ከኪሱ ይከፍላል፤ ቀዶ ጥገና ሲመጣ ስልክ አያነሳም። ያን ጊዜ የማሳወቂያው ቀን አልፏል። ወገን ከሆነ ወገንነቱን ፎርሙን በመሙላት ያሳይ። በቨርጂኒያ ከሁለት በላይ ሠራተኞችን በመደበኛነት የሚያሠራ ድርጅት ሁሉ ይህን ኢንሹራንስ መያዝ ግዴታው ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የምናገረው ሕጉ በግልጽ ያሰፈረውን ነው። ሕጉ በየግዛቱ የተለያየ ስለሆነ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልነሳ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ጉዳቱን ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የካሳ ጥያቄው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሱፐርቫይዘሩ ተናገረ፣ ኢንሹራንሱም ለጥቂት ወራት ከፈለው፣ ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። ለአሠሪው መናገር አንድ ነገር ነው፤ ለኮሚሽኑ ማመልከት ሌላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ «ቀስ በቀስ» እንመለስ። የቨርጂኒያ ሕግ የሚክሰው «አደጋ» ነው። አደጋ ሲል በአንድ በሚታወቅ ቅጽበት የደረሰ፣ በሰውነት ላይ ድንገተኛ ለውጥ ያመጣ ክስተት ማለቱ ነው። ለዓመታት ሰው በማንሳት ቀስ እያለ ያለቀ ወገብ፣ ዕቃ በመሸከም የደከመ ትከሻ በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የሚመጣ ጉዳት እንደ በሽታም ተቆጥሮ አይካስም ብሎ ወሰነ። የግዛቱ ምክር ቤት በተከታዩ ዓመት የእጅ አንጓን ነርቭ የሚያስጨንቀውን ካርፓል ተነል የሚባለውን ሕመምና የመስማት ችግርን ብቻ መልሶ አስገባ። በእኔ አስተያየት ይህ ጨካኝ ሕግ ነው። ሰውነታቸው የሚያልቀው በአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን በዓመታት ድካም የሆኑትን፣ ማለትም ሆም ኬሮችን፣ ጽዳት ሠራተኞችን፣ የመጋዘን ሠራተኞችን፣ ከበር ውጭ ያቆማል።

ዋሹ እያልኩ አይደለም። ያቺ እህታችን በእርግጥ ወገቧ ቀጭ ያለበት ቀንና ሰዓት ነበራት። ማክሰኞ ጠዋት፣ አዛውንቱን ስታነሳ። የሆነውን ሳይሆን የተሰማትን ስሜት ነው ለሐኪሙ የተናገረችው። እንደዚያ ባለ ጊዜ የሆነውን ነገር በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘር በቴክስት መላክ ይበቃል፦ «ዛሬ በዚህ ሰዓት፣ እገሌን ሳነሳ፣ ወገቤን ተጎዳሁ።» ቴክስቱ ቀንና ሰዓት ይይዛል። ለሐኪሙም የሚነገረው ያው ነው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ አታስተርጉሙ። ልጁ «ወገቧን ያማታል» ይላል እንጂ «ሰው ስታነሳ ተጎዳች» አይልም። ሌላው ስህተት ድንገተኛ ክፍል ገብቶ «ቤት ውስጥ ወድቄ ነው» ማለት ነው። ያ ወረቀት ከዓመት በኋላ በኢንሹራንሱ ጠበቃ እጅ ይገኛል።

ሐኪሙን በተመለከተ፣ በቨርጂኒያ አሠሪው ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር ያቀርባል፤ ሠራተኛው ከዚያ ውስጥ ይመርጣል። ዝርዝሩ ካልቀረበለት ራሱ ይመርጣል። በሜሪላንድና በዲሲ ግን ሠራተኛው የራሱን ሐኪም መምረጥ ይችላል። የቀን ገደቦቹም ይለያያሉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለአሠሪው የማሳወቂያው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው፤ ዲሲ 30 ቀን ሲሆን ጥያቄ የማቅረቢያው ጊዜ ግን አንድ ዓመት ነው። የሚቆጠረው ደግሞ በአብዛኛው የምትኖሩበት ሳይሆን የምትሠሩበትና የተጎዳችሁበት ቦታ ነው። አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው ይህን ቀድሞ ያጣራ።

ገንዘቡስ ስንት ነው? በሦስቱም ቦታ መሠረቱ ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ጣሪያም አለው። በሳምንት 900 ዶላር የምታገኝ ሰው 600 ዶላር ታገኛለች፤ ከፌዴራል ገቢ ግብር ነጻ ነው። በቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት አይከፈሉም፤ ከሥራ የቀረችው ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ ግን እነሱም ወደኋላ ይከፈላሉ። የደመወዝ ካሳው ቢበዛ እስከ 500 ሳምንት ይዘልቃል። ሁለት ሥራ ለምንሠራ ሰዎች አንድ መጥፎ ዜና አለ። ቨርጂኒያ የሁለቱን ሥራ ደመወዝ የምትደምረው ሥራዎቹ ተመሳሳይ ከሆኑ ብቻ ነው። ቀን ሆም ኬር፣ ማታ ካሸር የምትሠራ ሴት ሆም ኬሩ ላይ ብትጎዳና ሁለቱንም መሥራት ቢያቅታት፣ ካሳው የሚሰላው በሆም ኬሩ ደመወዝ ብቻ ይሆናል። በካሽ የሚከፈለው ሰውም ደመወዙን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው በዚያው ልክ ይጎዳል።

«የሥራ ፈቃዴ ገና አልመጣም፣ አሳይለሙ በሂደት ላይ ነው፣ ብጠይቅ ያስይዙኛል» ብለው የሚፈሩ አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሕጉ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ፣ ሜሪላንድ ውስጥም ከ2005ቱ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ፣ ወረቀት የሌለውን ሠራተኛ ጭምር ለካሳ ይቀበላል። የጠበቃ ክፍያም በቨርጂኒያ ኮሚሽኑ ካላጸደቀው አይከፈልም። ስለዚህ አስቀድሞ ገንዘብ ካልተከፈለኝ የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

እስካሁን ያወራነው ከተጎዱ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ጉዳቱ እንዳይደርስ የሚጠብቀው ሌላ ሕግ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዲሴምበር 1970 የፈረሙት የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ሕግ። ኦሻ የሚባለው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በዚህ ነው። አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከእኛው ሰዎች ታሪክ አንዱን እንውሰድ።

በደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ፣ ስሚዝፊልድ የተባለው ኩባንያ የአሳማ ሥጋ ማረጃ አለው። 3,700 ገደማ ሠራተኞች ነበሩት። በ2020 ኤፕሪል ኮቪድ ሲገባበት የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ሄደው ሪፖርት ጻፉ። በፋብሪካው ወደ 40 የሚጠጉ ቋንቋዎች ይነገራሉ ብለው በብዛት የሚነገሩትን አሥሩን ሲዘረዝሩ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ከነሱ ውስጥ ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ እርስ በርስ በማንስማማበት በዚህ ዘመን፣ የእኛ ቋንቋዎች ተሰልፈው የቆሙት አንድ የሥጋ መቁረጫ መስመር ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ነው። በዚያ ሰሞን ኩባንያው ከሥራ ላልቀረ ሠራተኛ 500 ዶላር ጉርሻ ቃል ገብቶ ነበር። የታመመ ሰው እቤቱ እንዲቀር በሚፈለግበት ወር ማለት ነው።

ኦሻ በኋላ እንዳስታወቀው በዚያ የጸደይ ወቅት 1,294 ሠራተኞች ተያዙ፣ አራት ሞቱ። የተጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነበር፤ ኦሻ ራሱ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ይህ ነው አለ። በታመመው ሰው ቁጥር ብታካፍሉት ለአንድ ሰው አሥር ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል። ኮቪድን የመሰለ ተላላፊ በሽታ በካሳ ሕጉ በኩልም ቀላል አይደለም፤ «ከሥራ ነው ወይስ ከገበያ የያዘህ?» የሚል ክርክር ይነሳበታል። በዚህ ሁሉ ግን ኦሻን መጥራት ከንቱ አይደለም። አደጋ ያለበትን የሥራ ቦታ በመጠቆሙ ወይም ጉዳቱን ሪፖርት በማድረጉ የተባረረ ሠራተኛ ለኦሻ ማመልከት ይችላል። ጊዜው ግን 30 ቀን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ውል ውጭ ስለቆሙት። ቴክሳስ ያላችሁ፣ ዳላስና ሂዩስተን የምትከታተሉን፣ የግል አሠሪያችሁ ይህን ኢንሹራንስ የመያዝ ግዴታ እንደሌለበት እወቁ። ካልያዘ ግን እነዚያን የጥንት ጋሻዎች ያጣል፤ ልትከሱት ትችላላችሁ። ውሉ ካልተፈጸመ የተሸጠ መብትም የለም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሲቀጥሩ «ክርክር ቢነሳ በግልግል እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም» የሚል ወረቀት የሚያስፈርሙት። አንብባችሁ ፈርሙ።

ከሳዑዲ አረቢያ የምትከታተሉን፣ በድርጅት የምትሠሩ ከሆነ አሠሪያችሁ ለሥራ አደጋ መድን ከደመወዛችሁ ሁለት በመቶ የሚሆን ገንዘብ ከራሱ ለማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ይከፍላል፤ የውጭ ዜጋ መሆናችሁ አያስቀራችሁም። በየቤቱ የሚሠሩት እህቶቻችን ግን በዚህ መድን ውስጥ የሉበትም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ለተሳነው ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ካሳ ይደነግጋል፤ የቤት ሠራተኛዋን ግን እሱም ወደ ጎን ይተዋታል። ሪያድም ሆነ አዲስ አበባ፣ ከበሩ ውጭ የቀረችው ያቺው ሴት ናት።

ሾፌሮቻችንም አሉ። ኡበርና ሊፍት «ኮንትራክተር» ስለሚሏቸው በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሳቸው 1099 ነው፤ በአብዛኛው ግዛት ወርከርስ ኮምፕ የላቸውም። ሌላ መኪና ከገጫቸው የገጫቸውን ሰው ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ፤ መንገደኛ ቢደበድባቸው ወይም በረዶ ላይ ተንሸራተው ቢገለበጡ ግን የራሳቸው ዕዳ ነው። ይህ የተለወጠበት አንድ ቦታ አለ፤ ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት። እዚያ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ሾፌሮች የበዙበት ማኅበር ለዓመታት ታግሎ፣ በ2022 ምክር ቤቱ ለሾፌሮቹ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ካሳው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ይሠራል። የሚሸፍነው ሾፌሩ ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ተሳፋሪው ሲሄድና ተሳፋሪውን ሲያደርስ ያለውን ጊዜ ነው። አፑን ከፍቶ፣ ኤርፖርት ተሰልፎ ሥራ የሚጠብቅበት ሰዓት ግን እስካሁን ከሽፋኑ ውጭ ነው።